ሕመሙ የተወኝ እሑድ

ይህን ስታነቡ አታልቅሱልኝ፤ እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ። የምጽፈው አሸዋና ጠጠር በሚወጣበት፣ ድንጋይ በሚፈለጥበት ቦታ መኪና ሥር ለምትውሉ፣ በተለይ ደግሞ እንደኔ "ኧረ ምንም አልሆንኩም!" ማለት ለሚቀናችሁ ነው። አስቴር እባላለሁ። ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ጫኖ ነው የምኖረው። ባሌ ማርቆስ ሙዝ ያለማል። እኔ ደግሞ ከአባያ ብዙም በማይርቅ የአሸዋ ማውጫ ገልባጭ መኪና ላይ አሸዋ እጭን ነበር። አካፋ ከያዝኩ ወንድ አይቀድመኝም ነበር። ጉራ ነው የሚል ካለ አብረውኝ የጫኑትን ይጠይቅ።

አሸዋ ማውጫው ላይ ዛፍ የለም። ጥላ የሚባል ነገር ካለ የመኪና ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ምሳ ከበላን በኋላ በቆመ ገልባጭ ሥር፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ እንጋደማለን። አትሳቁ፤ ሁሉም ነው የሚተኛው። ለዚህም የራሳችን ሕግ አለን። የሚተኛ ሰው አንድ ጫማውን አውልቆ ሹፌሩ በሚወጣበት መርገጫ ላይ ያስቀምጣል። ሹፌር ጫማ ካየ ሞተር አያስነሳም። ጎንበስ ብሎ "ተነሱ እናንተ ሙታን!" ብሎ ይጮኻል፣ እየተሳደብን እንነሳለን፣ ከዚያ ነው የሚንቀሳቀሰው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ሥራ ስገባ ነበር።

የዚያን ቀን የሁልጊዜው ሹፌራችን ለቅሶ ሄዶ በምትኩ ሌላ ልጅ መጥቷል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጠዋት እያንዳንዳችንን ጨብጦ ነው ሰላም ያለን። ምሳ በላን። ሙቀቱ አየሩን እያንቀጠቀጠው ሐይቁ ከመሬት ተነስቶ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ጫማዬን መርገጫው ላይ አደረግኩና ከጓደኛዬ ከደስታ ጎን ጋደም አልኩ። ወዲያው ሕልም ወሰደኝ።

በሕልሜ አባያ ላይ እሄዳለሁ። ያ ቡናማ ውሃ ጠንክሮልኛል፣ ይሞቃል፣ አልሰጥምም። ማዶ ያሉት ተራሮች ወደ እኔ ይመጣሉ። ከውሃው ውስጥ መዝሙር ይሰማኛል፤ ደስ ሲል! ከዚያ አንድ ነገር ከሥር ቀኝ እግሬን ያዘና ወደ ታች ጎተተኝ። አዞ ነው አልኩ። "አዞ! አዞ በላኝ!" ብዬ ነው የጮኽኩት። ደስታ እንደነገረችኝ ራቅ ብለው የነበሩት ሠራተኞች ድንጋይ ይዘው ወደ ሐይቁ ሮጡ። የያዘኝ ግን የመኪናው የኋላ ጎማ ነበር።

ልጁ ጫማዬን አይቶታል። የእኛን ሕግ ግን ማንም አልነገረውም። የሰው ጫማ ረግጬ አልወጣም ብሎ፣ መንገድ ላይ ወድቆም እንዳይጠፋ ብሎ አነሳና መሬት ላይ በሥርዓት አስቀመጠው። ከዚያ ወደሚጫነው አሸዋ ሊጠጋ መኪናውን አስነሳ። "እንዳይጠፋባቸው ብዬ ነው፣ እንዳይጠፋባቸው ብዬ ነው" እያለ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ የማባብለው እኔ ነበርኩ። ቂም የለኝም። ለአዲስ ሰው ሳንነግር ነፍሳችንን በጫማ ማስያዛችን ነው ጥፋቱ። አሁንም እንደዚያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ በእግዚአብሔር ይሁንባችሁ፣ ተዉት። ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

መኪናው ባዶ ነበር፣ አሸዋውም ልል ነበር። ጎማው እግሬን ወደ አሸዋው ቀበረው እንጂ አልፈጨውም። ጠብታ ደም አልወጣም። ደስታ በማዶ በኩል ስለነበረች ጭራሽ አልነካትም። በእሷ ትከሻ ተደግፌ እያነከስኩ ተነሳሁና "አያችሁ፣ አዞው እንኳ ቀምሶ ተፋኝ" ብዬ አሳቅኳቸው። ያን ቀን የሳቁብኝን ሳቅ ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደንግጠው ነበርና።

ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ራጅ አልነበራቸውም፤ ራጅ ማለት አጥንት የሚያሳየው ፎቶ ነው። መርማሪው ከላይ እስከ ታች ተጫነኝ፣ ጣቶቼን አነቃንቂ አለኝ፣ አነቃነቅኩ። "ስብራት አይመስለኝም፣ ቅጥቃጤ ነው" አለና ማስታገሻ ሰጠኝ። "ካበጠ ግን ሆስፒታል ሂጂ" ብሎኛል፤ እሱን መካድ አልፈልግም። እኛ ቅጥቃጤ የሚለውን ይዘን ሌላውን እዚያው ትተን መጣን።

አበጠ። እንደ ሊጥ ኩፍ አለ፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። ማርቆስ "ሆስፒታል፣ አሁኑኑ" አለ። አማቴ እማማ ቦጋለች ደግሞ "ወጌሻ" አሉ። አማቴ የካምባ ሰው ናቸው፤ እዚያ በልጅነታቸው ክንዳቸው ተሰብሮ ወጌሻ አሽቶ አስሮ አድኗቸዋል፤ እስከ ዛሬ በዚያ ክንድ ነው እንሰት የሚፍቁት። "ይኸው፣ ጠማማ ነው?" እያሉ ክንዳቸውን ለማርቆስ ያሳዩታል።

"እማ፣ ያንቺ ክንድ መኪና አልሄደበትም" አለ ማርቆስ።

"ሆስፒታል የገባ እግር በጤናው ይወጣል? ይቆርጡባታል!" አሉ።

ይቆርጡባታል የምትለዋ ቃል ናት ያስፈራችኝ። እግር የሌላት አሸዋ ጫኝ ምን ትባላለች? ቁጭ ብላ የምትበላ። እኔ ደግሞ ከሞት ይልቅ ቁጭ ብዬ መብላት ነበር የምፈራው። ስለዚህ ባሌ ላይ ከአማቴ ጋር አደምኩ። "ወጌሻ ይምጣ፤ እግሬን የሚነካብኝ ሐኪም የለም" አልኩ። ማርቆስ በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ሙዙ ውስጥ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር።

ወጌሻው መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ብዙ ሰው አድኗል። ያበጠውን እግሬን ቅቤ ቀብቶ አሸው፣ የቀርከሃ ስንጥቅ ዙሪያውን ደረደረበት፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሥር በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። እሪ አልኩ። "ካመመሽ ጥሩ ነው፣ እየሠራ ነው" አለኝ። ጥሩ ከሆነስ እንግዲህ በጣም ጥሩ ነበር! ወልጃለሁ፣ ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ተነቅያለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕመም ግን አይቼ አላውቅም። ትራስ ነክሼ አቃስታለሁ፣ አማቴ ይጸልያሉ፣ ማርቆስ ግድግዳውን ያያል። ቀኑና ሌሊቱ ተቀላቀለብኝ። የጣራው ቆርቆሮ እየተነፈሰ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ሕመም ብቻ ውሰድልኝ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም እል ነበር።

እሑድ ጠዋት ሕመሙ ተወኝ።

እንዴት ልንገራችሁ? ከጉልበቴ በታች ያለው ሁሉ ጸጥ አለ። መስኮቱን ከፈቱልኝ። የማንጎው ቅጠል ላይ ፀሐይ አርፋለች፣ የቦዩ ውሃ ይንሾካሾካል፣ ሰውነቴ ከፍራሹ ላይ አንድ ስንዝር ተነስቶ የተንሳፈፈ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን የለም። አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ሳስበው ያ ጠዋት ቆንጆ ነው፤ ይኼ ነው የሚገርመኝ። "እማ፣ ተወኝ!" ብዬ ጮኽኩ። አማቴ በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

ቤተ ክርስቲያን ካልወሰዳችሁኝ አልኩ። በባጃጅ ወሰዱኝ፤ ማርቆስና አንድ ዲያቆን በወንበር ተሸክመው ፊት አስቀመጡኝ። እኛ ጋ ጌታ ያደረገልህን በጉባኤ ፊት ካልመሰከርክ ውለታ እንደበላህ ነው። ማይኩን ሰጡኝ። "ስንት ጊዜ አቃስቼ ነበር፣ ዛሬ ግን ሕመሙ የለም! ቆንጥጡኝ፣ አይሰማኝም!" አልኩ። አዎ፣ በዚህ በገዛ አፌ፣ "ቆንጥጡኝ አይሰማኝም" አልኩ። እልልታው ጣራውን ሊነቅለው ደረሰ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ መዘምራኑ ተነሱ፣ እኔ በወንበሬ ላይ ሆኜ በአንድ እግሬ እረግጣለሁ። መጋቢያችን "ለሐኪምም ትታይ" ብለው ነበር አሉ። በዚያ እልልታ መሃል ማን ይስማቸው!

ከሰዓት በኋላ ቤት ተመለስን። ሰው ሁሉ "እንኳን ጌታ ማረሽ" ብሎ ሄደ። አማቴ በሳፋ ሙቅ ውሃ ይዘው መጡና "በጌታ ቤት የተመሰከረላት እግር ናት፣ ልጠባት" ብለው እግሬ ሥር ተቀመጡ። እንቢ አልኩ፤ አማት የምራቷን እግር ታጥባለች? አልሰሙኝም። ከቀርከሃው ውጭ የቀረውን እግሬን ሳፋው ውስጥ ከተቱት። እኔ የማንጎውን ቅጠል እያየሁ አዜማለሁ። ቀጥለው እጃቸውን ሰደዱና "ውይ!" ብለው መንጭቀው አወጡ። ውሃው ቀዝቃዛ ሳይጨመርበት ነበር የመጣው። እጃቸው ቀልቷል።

ቀና ብለው አዩኝ። እኔ አሁንም አዜማለሁ።

"አስቴር" አሉ ቀስ ብለው፣ "ይህን ውሃ አንቺ እንዴት ቻልሽው?"

"የቱን ውሃ?" አልኩ።

እግሬን አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። አውራ ጣቴን ተጫኑት። ነጭ ሆነ፣ እንደ ነጣ ቀረ። ጉንጫቸውን ውስጥ እግሬ ላይ አስጠጉ፤ ከሙቅ ውሃ የወጣ እግር ቶሎ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ተሰማቸው። የእንሰት ቢላዋቸውን አምጥተው ወጌሻው ያሰረውን ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ቀደዱት፤ ቀርከሃው መሬት ላይ ተበተነ። ከዚያ ነው ማርቆስን እየጮኹ የጠሩት። በዚያ ሰፈር እንደዚያ ዓይነት ጩኸት የሚሰማው ሰው ሲሞት ነው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅም ነው፣ ሰው ሞልቶታል። ክንዱን ያንጠለጠለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአግዳሚው ተነስቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት ሙዝ ልጣ ለአማቴ ስትሰጣቸው ወደ አፋቸው ሳያደርጉት በእጃቸው ጠቆረ። እኔ አሁንም አያመኝም። እንደ እንግዳ ነው የተቀመጥኩት። "አያመኝም እኮ፣ ለምን እንቸኩላለን?" እላለሁ። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራ፣ እኔ ብቻ ከውሃ በታች ሆኜ የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ አማርኛዋ የሰሜን ነው። እግሬን ነካች፣ በመርፌ ወጋች፣ ራጅ አስነሳችኝ። የቅልጥሜ ቀጭኑ አጥንት ተሰብሮ ኖሯል። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ሐኪም ወንበር ሲስብ ደግ ነገር እንደሌለ ያኔ ነው ያወቅኩት።

"አስቴር፣ እግርሽ ውስጡ ሲያብጥ ቆዳሽ አልሰፋ ብሎ ነበር፤ በዚያ ላይ ታሰረ። ደም መግቢያ አጣ። ደም ያጣ ሥጋ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ያ ነበር ሕመሙ። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ያለው ስለሞተ ነው።"

"ጌታ ነው ያሳረፈኝ" አልኳት።

አልተቆጣችኝም። "ጌታ እስከዚህ ድረስ በሕይወት አምጥቶሻል" አለች። "አሁን ግን የሞተው ክፍል መርዙን ወደ ላይ እየላከ ነው። ከጉልበት በታች እንቁረጠው። ከዘገየን ጉልበትሽም ይሄዳል፣ አንቺም ትሄጂያለሽ።"

"አይቆረጥም!" አልኩ።

አማቴ ተነሱ። አማርኛቸው በጋሞኛ የተጠመጠመ ነው፤ ሲጨንቃቸው ደግሞ ወንድ ሴት አይለዩም። የዶክተሯን እጅ ያዙና "ዶክተር፣ አንተ እናት አለህ?" አሏት።

"አለችኝ እማማ።"

"እናትህ ብትሆን ይቺ፣ ምን ታደርግ ነበር አንተ?"

የዶክተሯ ዓይን እንባ ሞላ። "እቆርጥ ነበር እማማ። ጉልበቷን ለማትረፍ ዛሬውኑ እቆርጥ ነበር። ጉልበት ከተረፈ በሰው ሠራሽ እግር ትራመዳለች።"

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ሆስፒታል ይቆርጣሉ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉ በጋሞኛ። "እነሱ አይደሉም የቆረጡሽ። እኔ ነኝ።" ማርቆስ እናቱን ሊይዛቸው ሄደ፤ አልተያዙለትም። በመጨረሻ ዶክተሯን "ያ እግር አካፋ ያስይዛል?" አልኳት። "አካፋውን እንጃ፣ ቤትሽ ግን በእግርሽ ትገቢያለሽ" አለችኝ። "በሉ ቁረጡት" አልኩ።

ጀርባዬን ወግተው ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ነቅቻለሁ፣ ግን አልነቃሁም። አረንጓዴ ጨርቅ፣ የብረት ድምፅ፣ አንድ ሰው ስለ ምሳ ሲያወራ። እንደገና አባያ ላይ ነኝ። እኔ ዳር ቆሜያለሁ፤ እግሬ ብቻውን ውሃው ላይ ይሄዳል። ተረከዙን አየዋለሁ፣ በልጅነቴ ሚስማር የወጋኝ ጠባሳ አለበት። "ና እንጂ!" እለዋለሁ። ወደ ተራሮቹ ሄደ።

ስነቃ ማርቆስ አለ፣ ደስታ አለች፣ አማቴ የሉም። "እማስ?" ስል ማርቆስ ሌላ ሌላ ያወራል። በማግስቱም የሉም። ሸሹኝ አልኩ። ወጌሻ አምጥተው አስቆርጠውኝ ካምባ ገቡ አልኩ። ምሬቴ እንዴት እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ለደስታ "የዚያችን አሮጊት ዓይን እንዳላይ" ብያታለሁ። በሦስተኛው ቀን አማቴ ከበቆሎ ዱቄት የሚድበለበለውን ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል ሠርተው፣ በሰሃን ቋጥረው መጡ። የት ነበሩ አልልም፣ የት ነበርኩ አይሉም። ጥፍራቸው ውስጥ አፈር ነበር። አጎረሱኝ፣ በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። የገንዘቡን ነገር አልጽፈውም፤ የታመመበት ያውቀዋል። የሌለው እግሬ ያሳክከኛል፤ ዶክተሯ ነርቩ ገና አልሰማም፣ ቀስ ብሎ ይለምዳል አለችኝ። ቀን እንቅልፍ ያስፈራኛል፤ ዓይኔ ሲከደን ጎማ ይመጣል። ማርቆስ ሥራ ፈትቶ አልጋዬ ጎን ይቀመጥና "ተኚ፣ እኔ ነቅቻለሁ" ይለኛል። ያ ሹፌር ልጅም በየሳምንቱ ይመጣ ነበር፤ አንድ ቀን "ዳግም መኪና አልነዳም" ሲለኝ "ማን ሊያበላህ ነው ታዲያ? ንዳ፣ ግን ጎንበስ ብለህ ሥሩን እያየህ ንዳ" ብዬ ተቆጣሁት። በክራንች ቤቴ ገባሁ። ቁስሉ ሲደርቅ ሌላ ከተማ ሄደን ሰው ሠራሹን እግር ገጠሙልኝ። መጀመሪያ የቆምኩ ጊዜ የማርቆስን አንገት አንቄ ልገድለው ነበር።

አሁን ምክር ቢጤ ልጣል። ሰውነታችሁ ላይ መኪና ከሄደ ደም አልወጣም ብላችሁ አትመኑ። ያበጠ አታሳስሩ። የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ፣ ከደነዘዘ፣ እሑድ ነው ሰኞ ነው ሳትሉ ሩጡ። ሕመም ድንገት ጥሏችሁ ሲሄድ አመስግኑ፣ መዝሙሩንም ዘምሩ፣ ግን እየዘመራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ጸሎትና ሐኪም ተጣልተው አያውቁም፤ የምናጣላቸው እኛ ነን።

በአዲሱ እግሬ ያለ ክራንች ግቢ ውስጥ መዞር የጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ሁልጊዜ አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ አወጣሁት። "እማ፣ እግሬን ምን አደረጉት?"

አማቴ የያዙትን አስቀመጡ። "መሄድ ትችያለሽ?" አሉኝ። እችላለሁ አልኩ። ከሙዙ ማሳ ጀርባ፣ የማርቆስ አባት ወደተቀበሩበት ወደ ቤተሰቡ መቃብር ቀስ እያልን ሄድን። ጭጋግ ነበር፣ የሙዝ ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል። ከእሳቸው መቃብር ጎን አነስተኛ የአፈር ክምር አለ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል፣ ሣሩ ተነቅሎ ንጹሕ ሆኗል።

ሆስፒታሉ እግሬን ለማርቆስ ሰጥቶት ኖሯል። እሱ ይዞ እንደቆመ አማቴ ተቀበሉት። ለራሳቸው ቀብር ሣጥን ውስጥ ያስቀመጡትን አዲስ ጋቢ አወጡና በእሱ ገነዙት። በባጃጅ፣ ጭናቸው ላይ ታቅፈው አመጡት። ማንንም አልጠሩም፤ ጉድጓዱን ብቻቸውን ቆፈሩ። "ሌላ ሰው ከቆፈረው እኔ ያጠፋሁትን ሌላ ሰው ተሸከመው ማለት ነው" አሉኝ። ቀብረው እዚያው ለቅሶ ተቀመጡ። ሸሹኝ ብዬ ያማኋቸው ቀኖች እነዚያ ናቸው።

አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ በምርኩዛቸው ከክምሩ አጠገብ ያለውን ባዶ መሬት መታ መታ አደረጉና "ይኼ የኔ ነው፤ ለማርቆስ ነግሬዋለሁ" አሉ። "መጀመሪያ እኔ ነኝ የምመጣው። አንቺ እስክትመጪ እግርሽን እጠብቅልሻለሁ።"

"አይቸኩሉ እማ" አልኳቸው እንባዬን እየጠረግኩ፤ "እሱ እንደሁ የትም አይሄድ።"